ማይኩ አልሰማ ሲል፦ ሌላ ከመግዛት በፊት

ማይክ አልሠራ ሲል መጀመሪያ ድምፁ የት ላይ እንደሚቀር መለየት ነው። ብዙው «የተቃጠለ» ማይክ ደህና ነው።

ምንም ድምፅ የለም

ፈቃዱን እዩ። ዊንዶውስ 11 ላይ ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ማይክሮፎን ግቡና አብሩ። እንደ ክሮም ላሉ ፕሮግራሞች የሚያገለግለው ማብሪያ ከታች ለብቻው ስላለ ይረሳል። ቀጥሎ ሲስተም፣ ሳውንድ ውስጥ ኢንፑት ላይ የምትፈልጉት ማይክ መመረጡን አረጋግጡ። ስታወሩ መስመሩ እየተንቀሳቀሰ ዙም ላይ ካልተሰማ፣ ዙም ሌላ ማይክ መርጦ ሊሆን ይችላል።

ማይኩ ጭራሽ ካልታየ ጃኩን (የገመዱን መሰኪያ ጫፍ) ተመልከቱ። 3 ጥቁር ቀለበት ያለው ሄድሴት ለስልክና ለላፕቶፕ ነጠላ ቀዳዳ የተሠራ ነው፤ የዴስክቶፑ ሮዝ ቀዳዳ ላይ ማይኩ አይሠራም። 2 ቀለበት ያለውን ማይክ ደግሞ ላፕቶፑ የጆሮ ማዳመጫ ነው ብሎ ይወስደዋል። ማከፋፈያ ገመድ ይፈታዋል፤ ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ፣ ሁለቱ አይተካኩም። ለዴስክቶፕ አንድ ሴት ጫፍ (ቀዳዳ) እና ሁለት ወንድ ጃክ ያለው፤ ለላፕቶፕ አንድ ባለ 3 ቀለበት ወንድ ጃክና ሁለት ሴት ጫፍ ያለው።

እምምም የሚል ድምፅ

ቻርጀሩን ንቀሉና በባትሪ ቅዱ። ከጠፋ ከመብራት መስመሩ የመጣ 50 ኸርዝ ነው፤ ብዙ ጊዜ መንስኤው ግራውንድ (የመሬት መስመር) የሌለው ሶኬት ወይም ግራውንዱን የሚያስቀር የሶኬት መለወጫ ነው። ግራውንድ ያለው ላይ ሰኩ። ካልጠፋ ገመዱን ቀይሩ።

ድምፁ በጣም ትንሽ ነው

እንደ ሹር ኤስኤም58 ያለ የመድረክ ማይክ ላፕቶፕ ላይ በቀጥታ ከተሰካ ይህ የሚጠበቅ ነው፤ የሚሰጠው ሲግናል ደካማ ነው። ቮልዩሙን ብትጨምሩ ሽሽታው አብሮ ያድጋል። ኦዲዮ ኢንተርፌስ (የማይኩን ሲግናል አጠንክሮ ወደ ላፕቶፑ የሚያስገባ ሳጥን) ያስፈልገዋል። ባለ 3 ፒን የስቱዲዮ ኮንደንሰር (ለመሥራት ኤሌክትሪክ የሚፈልግ፣ ትንሹንም ድምፅ የሚይዝ ማይክ) ከሆነ ኢንተርፌሱ ላይ ኤሌክትሪክ የሚልክለትን 48 ቮልት አብሩ።

ምን ይገዛ?

ሜክሲኮ ወይም ካዛንቺስ መንገድ ዳር ለሚቀዳ ሰው ኮንደንሰር አንመክርም፤ የታክሲውን ክላክስና በቆርቆሮ ላይ የሚወርደውን ዝናብ ሁሉ ይለቅማል። ዩኤስቢ ዳይናሚክ (እንደ ኤስኤም58 ያለ፣ በይበልጥ የቅርቡን ድምፅ የሚይዝ ዓይነት) ግዙ፣ ከአፋችሁ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር አስጠግታችሁ ተናገሩ። ብሉቱዝ ሄድሴት ለቀረጻ አይሆንም፤ ማይኩ ሲከፈት ጥራቱ ወደ ስልክ ጥሪ ይወርዳል።

ሱቅ ስትሄዱ ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሳትከፍሉ 30 ሰከንድ ቅዱና በጆሮ ማዳመጫ ስሙት፤ ገመዱንም ሥሩ ላይ እያንቀሳቀሳችሁ። ከተቆራረጠ ሌላ አስወጡ።