«ድኛለሁ»ን ትተን፦ ከልብ ችግር ጋር ተወልደው ያደጉ ሰዎች የሚሠሯቸው ስህተቶች

ከ100 ሕፃናት አንዱ ገደማ የልብ ችግር ይዞ ይወለዳል። ሕክምናው ባለበት ዛሬ አብዛኞቹ ያድጋሉ፤ ሥራ ይይዛሉ፣ ትዳር ይመሠርታሉ። ካደጉ በኋላ የሚሠሯቸው ስህተቶች ግን በጣም ይመሳሰላሉ።

1. «በልጅነቴ ተሠርቶልኝ ድኛለሁ»

የስህተቶቹ ሁሉ እናት ይህች ናት። የተጠገነ ልብ የተጠገነ ነው እንጂ አዲስ አይደለም። ቴትራሎጂ ኦፍ ፋሎት የሚባለውን፣ አብሮ የሚወለድ የልብ ችግር እንውሰድ። ሐኪሞቹ ወደ ሳንባ የሚወስደውን ጠባብ መንገድ ሲያሰፉት፣ እዚያ ያለው ቫልቭ ብዙ ጊዜ በደንብ መዝጋት ያቅተዋል። ስለዚህ ልብ በመታ ቁጥር ወደ ሳንባ ከተላከው ደም ከፊሉ ተመልሶ ይወርዳል። የቀኙ የልብ ክፍል ይህን ትርፍ እየተሸከመ 20፣ 30 ዓመት ቀስ እያለ ይለጠጣል። ሰውየው ግን ደረጃ ይወጣል፣ ኳስ ይጫወታል፤ ምንም አይሰማውም። ትንፋሽ ማጠር ሲጀምረው ልቡ ዝሎ ሊሆን ይችላል። ያኔ ቫልቭ ቢቀየርም የተለጠጠው ላይመለስ ይችላል። ጊዜውን ቀድመው የሚናገሩት ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) እና ኤምአርአይ ናቸው።

ብዙዎች የሚጠፉት ከሕፃናት ክፍል ሲወጡ፣ 18 ዓመት አካባቢ ነው። እስከዚያ ቀጠሮውን የምታስታውሰው እናት ነበረቻ!

2. «የልብ ሐኪም ሁሉ አንድ ነው»

የአዋቂዎች የልብ ሐኪም ውሎው በአብዛኛው ከደም ግፊትና ከተደፈነ ቧንቧ ጋር ነው። እዚህ ግን ዋና ዋናዎቹ ቧንቧዎች ቦታ የተለዋወጡበት፣ ወይም ደም የሚረጭ አንድ ክፍል ብቻ ያለው ልብ ያጋጥማል። ቀላል የምትመስለውን ግፊት መለካት እንኳ ተመልከቱ። ወደ እጁ የሚሄደው ቧንቧ በልጅነቱ ወደ ሳንባ ተዞሮ የተቀጠለበት ሰው፣ በዚያ እጁ ሲለካ ግፊቱ ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል። በሌላው እጁ ጣራ ነክቶ ሳለ «ደህና ነህ» ተብሎ ይሸኛል።

ስለዚህ ቢያንስ አንዴ፣ ከልብ ችግር ጋር የተወለዱ አዋቂዎችን ለማከም የሠለጠነ ሐኪም ይያችሁ። በየስንት ጊዜው መመላለስ እንዳለባችሁ የሚወስነው እሱ ነው።

3. «ቀዳዳ ነበረው፣ ሰፉት»

የትኛው ቀዳዳ? በምን ተደፈነ? ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ለገባ ሰው ይህ መልስ ምንም አይረዳም። የቀዶ ሕክምናውን ወረቀት ከቤተሰብ ፋይል ውስጥ ፈልጉና በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

4. ትኩሳትን በግምት ማከም

ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያለው፣ ወይም ቀድሞ ልቡን ኢንፌክሽን ይዞት የሚያውቅ ሰው፣ ጥርስ ከመነቀሉ በፊት አንቲባዮቲክ ያስፈልገዋል። ሁሉም ግን አያስፈልገውም፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ። የባሰው ስህተት ሌላ ነው። ትኩሳቱ አልለቅ ሲል ፋርማሲ ገብቶ አንቲባዮቲክ መግዛት። መድኃኒቱ ጀርሙን ሳያጠፋው ሊያደክመው ይችላል፤ በኋላ ደም ተወስዶ ሲመረመር ምንም ላይገኝ ይችላል። ጀርሙ ግን ቫልቩ ላይ ተቀምጦ ሥራውን ይሠራል። መጀመሪያ ለምርመራ ደም ይሰጣል፣ ከዚያ መድኃኒት ይጀመራል።

5. ካረገዙ በኋላ መጠየቅ

ብዙዎቹ በሰላም ይወልዳሉ። የሳንባቸው ግፊት በጣም ከፍ ላለ ሴቶች ግን እርግዝና ሕይወት እስከ ማሳጣት ይደርሳል። ደም እንዳይረጋ የሚወሰደው ዋርፋሪን በመጀመሪያዎቹ ወራት ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል። ኢስትሮጅን የሚባል ሆርሞን ያለበት የወሊድ መከላከያ ደግሞ ለአንዳንዶቹ ደም የማርጋት አደጋ አለው። ስለዚህ ምክሩ ከእርግዝና በፊት ይሁን። በነገራችን ላይ፣ ሳይመረምሩ «አንቺ አትወልጂም» ማለትም ስህተት ነው። ስንቷ በዚህ ቃል ዓመታት አልቅሳለች!

6. ግሉኮስ ሲሰካ ዝም ማለት

ከንፈራቸውና ጥፍራቸው የሚጠቁር ሰዎች፣ ከደማቸው ከፊሉ ሳንባን ሳያልፍ በቀጥታ ወደ ሰውነት ይሄዳል። ለሌላው ሰው ሳንባ የሚያጣራት ትንሽ የአየር አረፋ፣ ለእነሱ አንጎል ልትደርስ ትችላለች። ነርሷ ቱቦውን ከመቀጠሏ በፊት «እህቴ፣ ልቤ ቀዳዳ አለው፣ አየር እንዳይገባ አደራ» በሏት።