ዳገት ለበዛበት ከተማ የሀብ ማርሽ ሳይክል እንዴት ይመረጣል

ሲያትል የመጣሁ ሰሞን ቤቴ 23ኛ እና ቼሪ የሚባሉት መንገዶች የሚገናኙበት አካባቢ ነበር፣ ስራዬ ደግሞ ታች ፓዮኒር ስኩዌር። ጠዋት አብዛኛው ቁልቁለት ስለሆነ ደስ ይላል፣ ማታ ግን የስለር ዌይ የሚባለውን ዳገት መውጣት አለ። ሽሮ ሜዳ ያደገ ሰው ዳገት አያስደነግጠውም ብዬ ከአንድ ሰውዬ ያገለገለ ባለ 3 ማርሽ ሳይክል ገዛሁ፣ ቅርጫት ያለው፣ የሚያብረቀርቅ፣ ምን ልበላችሁ ያምራል። በመጀመሪያው ማታ ግማሽ መንገድ ላይ ወርጄ እየገፋሁት ገባሁ፣ ጉልበቴ ለሶስት ቀን አመመኝ። እናንተ እንዳትሸወዱ ነው ይሄን የምጽፈው።

የሀብ ማርሽ ለማታውቁ፣ ማርሹ በሙሉ የኋላ ጎማው መሃል ያለው ወፍራም ዕቃ (ሀብ የሚባለው) ውስጥ ተዘግቶ ነው ያለው። ከውጪ የሚታየው ፊት አንድ ጥርስ (ካቴናው የሚዞርበት ባለ ጥርሱ ክብ)፣ ኋላ አንድ ጥርስ፣ በቃ። ዝናብና ጭቃ አያገኘውም፣ ካቴናውም ወደ ጎን ስለማይዘል ቶሎ አይበላም፣ እዚህ ደግሞ ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ፀደይ ድረስ ዝናብ ስለሆነ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ሌላው የምወደው ነገር መብራት ላይ ቆማችሁም ማርሽ መቀየር መቻሉ ነው። ዳገት መሃል ስትቀይሩ ግን ለአንድ አፍታ እግራችሁን ላላ አድርጉ፣ እየረገጣችሁ ከቀየራችሁት አይወድም።

አሁን ወደ ዋናው። ሻጭ ሁሉ የሚነግራችሁ የማርሹን ብዛት ነው፣ ባለ 7፣ ባለ 8፣ ባለ 11። ብዛቱን ተዉት፣ ማወቅ ያለባችሁ አንደኛ ማርሽ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ነው። ለምሳሌ ሺማኖ የሚባለው ኩባንያ የሚሰራው ባለ 8 ሀብ፣ ኔክሰስ 8፣ አንደኛ ማርሹ 0.527 ነው (የኋላው ጥርስ አንዴ ሲዞር ጎማው 0.527 ዙር ይዞራል ማለት ነው፣ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ይቀላል)፣ የዚሁ ኩባንያ ባለ 11፣ አልፊን 11፣ አንደኛውም እዛው 0.527 ነው! በአንድ አይነት ጥርስ ከገጠማችኋቸው የተጨመሩት ማርሾች የሚጠቅሙት ለፍጥነት እንጂ ለዳገት አይደለም። ኔክሰስ 7 0.632፣ ኔክሰስ 3 ደግሞ 0.733። ስተርሚ አርቸር የሚባለው ሌላ ኩባንያ ባለ 8 ደግሞ አንደኛው 1 ነው፣ ከዛ በላይ ብቻ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ለሱ ተብሎ ትንሽ የፊት ጥርስ ካልተገጠመለት ዳገት ላይ ጉድ ነው የሚሰራችሁ።

ሂሳቡ ቀላል ነው፣ ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ በስልካችሁ ትሰሩታላችሁ። የፊቱ ክብ ስንት ጥርስ እንዳለው ቁጠሩ፣ ለኋላው ጥርስ ብዛት አካፍሉት፣ በአንደኛ ማርሹ ቁጥር አባዙት፣ ከዛ በጎማው የዙሪያ ርዝመት (የተለመደው ትልቁ ጎማ 2.2 ሜትር ገደማ ነው)። የሚመጣው ቁጥር ፔዳሉን አንዴ ሙሉ ዙር ስታዞሩ የምትሄዱት ርቀት ነው፣ ባነሰ ቁጥር ዳገት ይቀላችኋል። ፊት 38 ኋላ 19 ከሆነ፣ ባለ 3ቱ ኔክሰስ 3.2 ሜትር፣ ባለ 7ቱ 2.8፣ ባለ 8ቱ 2.3። እኔን የገደለኝ ያ 3.2 ነበር። ለሲያትል አይነት ከተማ በኔ ግምት 2.3 እና ከዛ በታች ፈልጉ፣ ልጅ ወይም አስቤዛ የምትጭኑ ከሆነ ደግሞ ወደ 2 ቢጠጋ ይሻላል።

ሳይክሉን ወዳችሁት ቁጥሩ ትንሽ ከበዛ ወዲያው አትተዉት፣ የኋላውን ጥርስ ማስቀየር በጣም ርካሽ ነው። ባለ 7ቱን ከ19 ወደ 22 ብትቀይሩት 2.8 የነበረው 2.4 ይሆናል። ግን ገደብ አለው፣ ለኔክሰስ 8 የሚመከረው የፊቱ ለኋላው ተካፍሎ 2 አካባቢ እንዲሆን ነው፣ ከዛ በጣም ካወረዳችሁት ሀቡ ውስጥ ያሉት ጥርሶች ላይ ጫናው ይበዛና ሊሰበሩ ይችላሉ። ሮሎፍ የሚባል የጀርመን ባለ 14 አለ፣ ለዳገት አንደኛ ነው፣ ሀቡ ብቻውን ግን ከ1000 ዶላር በላይ ነው፣ ስለዚህ ዝም ብለን እንለፈው።

ፍሬን ላይ አደራ። ብዙ የሀብ ሳይክል ፔዳሉን ወደ ኋላ በመርገጥ ነው የሚቆመው። ለሜዳ ጥሩ ነው፣ ረጅም ቁልቁለት ላይ ግን ይግላል። ከሱ የባሰው ደግሞ ፔዳሉን ወደ ኋላ ማዞር ስለማትችሉ ዳገት ላይ መብራት አስቁሟችሁ ስትነሱ ፔዳሉ ታች ቀርቶ እግራችሁ የሚረግጠው ያጣል፣ ከኋላ መኪናው ክላክስ ያደርጋል። ዲስክ ፍሬን ያለውን ውሰዱ።

ያገለገለ ከሆነ ሳትነዱ አትግዙ፣ እሱንም ሜዳ ላይ ሳይሆን ቦርሳችሁን ይዛችሁ ዳገት ላይ። ማርሹ ቋ እያለ ካመለጠ ወዲያው ተበላሽቷል ማለት አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ገመዱ ነው የላላው። ባለ 7 ወይም ባለ 8 ኔክሰስ ላይ 4ኛ ማርሽ አስገቡና የኋላ ጎማው ጋ ጎንበስ ብላችሁ እዩ፣ በትንሿ መስኮት ሁለት ቢጫ (በአንዳንዱ ቀይ) መስመሮች ይታያሉ፣ ካልተገጣጠሙ የገመዱን ማስተካከያ በጣታችሁ እያዞራችሁ አገጣጥሟቸው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ተስተካክሎም ካመለጠ ግን ተዉት፣ ሀብ ማስጠገን ውድ ነው።

ክብደቱንም አንስታችሁ ሞክሩት። ኋላው ከባድ ነው፣ እኔ ደክሞኝ አውቶብስ ፊት ያለው መጫኛ ላይ ሳወጣው ሾፌሩ እስኪስቅብኝ ድረስ ነው የምታገለው። ጎማ መፍታትም እንደ ሌላው ሳይክል በእጅ አይደለም፣ 15 ቁጥር መፍቻ ይፈልጋል፣ ከዛ በፊት የማርሹን ገመድ ማላቀቅ አለባችሁ። ስለዚህ በገዛችሁ በመጀመሪያው ቅዳሜ ቤት ውስጥ አንዴ ፍቱትና መልሳችሁ ግጠሙት፣ ከመነዳሪው ዝናብ ላይ ማታ ፈንድቶ ከምትማሩት።