ሞተሩ የሚግለው መቼ ነው? ውሃውስ የት እየሄደ ነው?

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚመጣ መኪና ግቤ ሸለቆ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ አበልቲና ሰኮሩ ሽቅብ መውጣት ሲጀምር የማቀዝቀዣው ክፍል ደብቆት የቆየው ሕመም ሁሉ ይወጣል። የሸለቆው አየር ይወብቃል፣ ዳገቱ ረጅም ነው፣ ከፊት ያለው የጭነት መኪና ደግሞ በከባድ ማርሽ ያንፏቅቃል። ኮፈኑን ከፍቶ መንገድ ዳር የቆመ ባለመኪና ጅማ ሲደርስ የሚናገረው የታወቀ ነው፦ «ዳገቱ አጋለው።» ጤነኛ መኪና ግን ያንኑ ዳገት ጭነቱን እንደያዘ ይወጣል። ዳገቱ ያደረገው ቀድሞ የነበረውን ጉድለት ማሳየት ነው።

ስለዚህ ቴርሞስታት (ሞተሩ ሲሞቅ ተከፍቶ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው ዕቃ) ወይም ራዲያተር ከመቀየር በፊት ሁለት ጥያቄዎች መልስ ይፈልጋሉ። ሞተሩ የሚግለው መቼ ነው? ውሃ የሚጎድል ከሆነስ የት ይሄዳል? እነዚህን በትክክል የመለሰ ሰው የበሽታውን ግማሽ አግኝቷል። ያልመለሰ ሰው ዕቃ ሲቀያይር ይከርማል።

በቅድሚያ ስለ ደኅንነት። የጋለ ራዲያተር ክዳን አይከፈትም። ውስጥ ያለው ውሃ በግፊት የታመቀ ስለሆነ ክዳኑ ሲላላ በአንድ ጊዜ ፈልቶ ፊትና እጅ ላይ ይረጫል። ሞተሩን አጥፍተው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ካስፈለገም ከዚያ በላይ ይጠብቁ። ሞተሩንና ራዲያተሩን የሚያገናኘው የላይኛው ወፍራም የጎማ ቱቦ በእጅ ሲያዝ የማያቃጥልና ሲጨመቅ የሚለሰልስ ከሆነ፣ በወፍራም ጨርቅ ይዘው ቀስ ብለው ይክፈቱ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መገልበጥም ቴስታታውን፣ ማለትም የሞተሩን የላይኛ ክፍል፣ ሊሰነጥቅ ይችላል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቬንቲላተር (የራዲያተሩ ማራገቢያ) ሞተሩ ከጠፋ በኋላም በድንገት ሊነሳ ስለሚችል ጣትዎን ያርቁ።

መንገድ ላይ ጠቋሚው ሽቅብ መሄድ ሲጀምር ኤር ኮንዲሽነሩን አጥፍተው የመኪናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ይክፈቱ። በግቤ ወበቅ ይህ ቅጣት ነው፤ ነገር ግን ማሞቂያው ራሱ ትንሽ ራዲያተር ስለሆነ ከሞተሩ ሙቀት ይቀንሳል። በዚህም ካልወረደ ይቁሙ። አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይበሉ፦ ጠቋሚው ቀይ መስመር ደርሶ ሳለ ያለ ምክንያት ወደ ቀዝቃዛ ቢወድቅ ደስ አይበልዎት። ውሃው አልቆ ሙቀት የሚለካው ዕቃ ባዶ ቦታ ላይ ቀርቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ያኔ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳን አይጨምሩ።

ከተማ ውስጥ ብቻ የሚግል

ጅማ መርካቶ አካባቢ በገበያ ቀን ሲንፏቀቅ እየጋለ፣ ወደ አጋሮ መንገድ ወጥቶ ፍጥነት ሲይዝ የሚቀዘቅዝ መኪና ችግሩ ንፋስ ነው። በፍጥነት ሲሄድ ንፋሱን መንገዱ ይሰጠዋል፤ ሲቆም መስጠት ያለበት ቬንቲላተሩ ነው። ሞተሩን አስነስተው ኤር ኮንዲሽነሩን ይክፈቱ፤ በአብዛኞቹ መኪናዎች ቬንቲላተሩ ወዲያው መዞር አለበት። ካልዞረ ፊውዙን፣ ሪሌውን (ኤሌክትሪኩን የሚያገናኘውን ማብሪያ)፣ ከዚያ የቬንቲላተሩን ሞተር በቅደም ተከተል ይፈትሹ። የፊውዝ ዋጋና የቬንቲላተር ሞተር ዋጋ ስለማይገናኙ ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ለኪስ ይጠቅማል።

ዳገት ላይ ወይም በፍጥነት ሲሄድ የሚግል

ይህ የፊተኛው ተቃራኒ ነው። ንፋስ አለ፤ ግን ወይ ንፋሱ በራዲያተሩ ውስጥ አያልፍም ወይ ውሃው በበቂ አይዘዋወርም። በጅማ ዙሪያ የመጀመሪያውን መጠርጠር ተገቢ ነው። ክረምት ላይ ቀዩ ጭቃ፣ በቡና ወቅት ደግሞ ከመፈልፈያው ግቢ የሚነሳው ገለፈት በኤር ኮንዲሽነሩ መረብና በራዲያተሩ መካከል ይጠቀጠቃል። ከፊት ሲታይ ንጹሕ ይመስላል፤ ጉዱ ያለው በሁለቱ መካከል ነው። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ ማለትም ንፋሱ ከሚገባበት በተቃራኒ፣ በቀስታ በውሃ ይጠቡት። በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ የመኪና ማጠቢያ ቅርብ ሆኖ ሲመታው ስሶቹን የአሉሚኒየም ቅጠሎች ያጣጥፋቸዋል። ያኔ ከጭቃው የባሰ መዘጋት ይመጣል።

ከውጭ ንጹሕ ሆኖ የሚግል ከሆነ የውስጥ መዘጋት ይጠርጠር። ለዓመታት የወንዝ ወይም የጉድጓድ ውሃ ሲጠጣ የኖረ ራዲያተር ውስጡ በደለልና በዝገት ይጠባል። ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ራዲያተሩን በመዳፍዎ ሲዳስሱት አንዱ ክፍል ሞቃት ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ቀዝቃዛው በኩል ተደፍኗል።

ቴርሞስታትን በተመለከተ ብዙ ጋራዦች የለመዱት መድኃኒት አውጥቶ መጣል ነው። አልስማማም። ሞተሩ ተገቢ ሙቀቱን ሳይዝ ይሠራል፣ ነዳጅ ይበላል። ከዚያም በላይ፣ በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲከፈት አቋራጩን መንገድ የሚዘጋ ክፍል አለው፤ ሲወጣ ውሃው ራዲያተሩን ትቶ በአቋራጩ ይዞርና መኪናው ጭራሽ ይብስበታል። መፈተኑ ቀላል ነው፦ በድስት ውሃ ውስጥ በሽቦ አንጠልጥሎ ማሞቅ። ብዙዎቹ 82 ዲግሪ ላይ መከፈት ይጀምራሉ። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ቴርሞስታቱ ድስት ውስጥ እስከ ጥጉ ባይከፈት አይፍረዱበት። ጨርሶ ካልተንቀሳቀሰ ግን ሞቷል።

ይኸው የ94 ዲግሪ ነገር የራዲያተር ክዳንን ከባድ ዕቃ ያደርገዋል። በክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ተጽፏል፤ የሚይዘው ግፊት ነው። ባለ 0.9 ክዳን በደንብ ሲሠራ ንጹሕ ውሃ እንኳን ጅማ ላይ ሳይፈላ እስከ 115 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። የክዳኑ ሞላ ከላላ ወይም የክዳኑ ጎማ ከተሰነጠቀ ግን ሞተሩ በተለመደው ሙቀቱ እየሠራ ሳለ ውሃው መፍላት ይጀምራል። ደጋ ላይ የሚነዳ ሰው ከክዳን የሚጀምረው ለዚህ ነው። ሲቀይሩ ቁጥሩ ከፋብሪካው ጋር አንድ ይሁን፤ «ጠንከር ያለ ይሻላል» ብሎ ከፍ ያለ ማድረግ የደከመ ጎማ ያፈነዳል።

ክዳኑ ሌላም ሥራ አለው። ሞተሩ ሲሞቅ የተረፈውን ውሃ ወደ መጠባበቂያው ፕላስቲክ ይለቃል፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይስባል። መጠባበቂያው ሞልቶ እየፈሰሰ ራዲያተሩ ጠዋት ጎድሎ ከተገኘ፣ ወይም የላይኛው ጎማ ጠዋት እንደተጨማደደ ከታየ፣ የሚመልሰው ክፍል አልሠራም። «ውሃ ይጠጣል፣ የሚፈስበት ግን አይታይም» ከሚባሉት መኪናዎች አንዳንዶቹ ሕመማቸው ይኸው ብቻ ነው።

የማይታየው መፍሰስ

ጅማ ላይ ዝናቡ የሚያቋርጥበት ወር ጥቂት ነው። መኪናው የሚያድርበት ግቢ እርጥብ ስለሆነ ነጠብጣብ ቢኖርም አይለይም። ደረቅ ካርቶን ከሞተሩ ሥር አንጥፈው ያሳድሩ፤ የትኛው ጫፍ ከየት በላይ እንደነበረ ምልክት ያድርጉበት። ጠዋት ቀለም ያለው፣ በጣት ሲነካ የሚያዳልጥና ጣፋጭ ሽታ ያለው ጠብታ ኩላንት (ለማቀዝቀዣው ከውሃ ጋር የሚበረዘው ፈሳሽ) ነው። ሽታና ቀለም የሌለው፣ ከተሳፋሪው እግር በታች አካባቢ የሚወርድ ንጹሕ ውሃ ደግሞ የኤር ኮንዲሽነር ላብ ነው፤ በዚህ ተደናግጦ ጋራዥ የሚሮጥ ሰው አይጠፋም።

ካርቶኑ ደርቆ ቢያድርስ? ያኔ መፍሰሱ የሚሆነው ሞተሩ በግፊት ላይ ሳለ ነው፤ ጠብታውም መሬት ሳይደርስ ትኩስ ብረት ላይ ይተናል። የሚቀረው ምልክቱ ነው። በአጋሮ መስመር የሚሠራ አንድ ኮሮላ እንዲህ ነበር። መሬቱ ሁልጊዜ ደረቅ፣ ዘይቱ ንጹሕ፣ ውሃው ግን በየቀኑ ይጎድላል። ለባለቤቱ የተነገረው ቴስታታ ይውረድ የሚል ነበር። ከሞተሩ ጀርባ፣ ወደ ማሞቂያው በምትገባው ቀጭን ጎማ ማሰሪያ ሥር፣ በመስታወትና በባትሪ ብርሃን ሲታይ የጥፍር ስፋት ያላት፣ ጠርዟ ሮዝ የሆነ ነጭ ቅርፊት ተገኘች። ጠብታው የሚወርደው ልክ ከሥሩ ባለው የጭስ ማውጫ ብረት ላይ ስለነበር ወዲያው እንፋሎት ይሆናል። ጎማዋና ማሰሪያዋ ተቀየሩ፤ ቴስታታው አልተነካም።

ያንን ቅርፊት የት ይፈልጉ? በጎማዎቹ ጫፍ ሁሉ፣ የራዲያተሩ ፕላስቲክና አሉሚኒየም በሚገናኙበት ጠርዝ፣ በውሃ ፓምፑ ሥር። ፓምፑ ከሥሩ ትንሽ ቀዳዳ አለው፤ ከእሷ የሚወርድ ረጅም የደረቀ መስመር ካለ የውስጥ ማኅተሙ አልቋል፤ ፓምፑ ይቀየር። ሞተሩ ለዓመታት በተራ ውሃ የሠራ ከሆነ በብሎኩ ጎን ያሉትን ክብ የብረት ክዳኖችም ይመልከቱ፤ በዝገት ከውስጥ ወደ ውጭ ይበሳሉ።

የተሳፋሪው ምንጣፍ ከረጠበ፣ የፊት መስታወቱ ከውስጥ በቅባታማ ጉም ከተሸፈነና ጣፋጭ ሽታ ካለ መፍሰሱ ያለው ከዳሽቦርዱ ሥር ባለው የማሞቂያ ራዲያተር ነው። እስኪጠገን ድረስ ወደ ማሞቂያው የሚሄዱትን ሁለቱን ቱቦዎች ከሞተሩ በኩል እርስ በርስ ማገናኘት መኪናውን ያስኬዳል።

በዚህ ሁሉ ካልተገኘ የግፊት መፈተሻ ያለው ጋራዥ ይፈልጉ። በቀዝቃዛ ሞተር በክዳኑ ፈንታ ተገጥሞ ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ግፊት ድረስ በእጅ ይነፋል፤ ሩብ ሰዓት ይጠበቃል። መርፌው ካልወረደ በዚያ ግፊት የሚፈስበት ቦታ የለም። ወርዶ ውጭ ምንም ካልታየ ውሃው ወደ ውስጥ እየገባ ነው።

ወደ ውስጥ የሚገባ

የጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በብሎኩ መካከል ያለው ማኅተም) መቃጠል የሚፈራው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ግን ያለ ማስረጃ አይፈረድበት። በቀዝቃዛ ሞተር ክዳኑን ከፍተው ያስነሱ፤ በራዲያተሩ አፍ ያለማቋረጥ አረፋ ከወጣ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። ከተነሳ ገና አንድ ደቂቃ ሳይሞላው የላይኛው ጎማ እንደ ድንጋይ ከጠጠረም ያው ነው። ካንዴላዎቹን አውጥተው ሲያነጻጽሩ አንዷ ብቻ ታጥባ የነጣች ከሆነ ውሃ የሚገባበት ሲሊንደር ያ ነው። የሞተር ዘይቱ መለኪያው ላይ ማኪያቶ ከመሰለ ሞተሩን አያስነሱት፤ ይጎተት። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ብቻ የሚታይ ጥቂት ነጭ ቅባት ግን አጭር መንገድ ብቻ በሚሄድ መኪና ላይ በእርጥብ አየር የሚፈጠር ሊሆን ይችላል፤ ፍርዱን የሚሰጠው መለኪያው ነው። አውቶማቲክ ማርሽ ከሆነ የማርሹንም ዘይት ይዩ፤ ሮዝ ወተት ከመሰለ ስንጥቁ ያለው ራዲያተሩ ውስጥ ባለው የማርሽ ዘይት ማቀዝቀዣ ነው።

ቴስታታው ከወረደ ጠፍጣፋነቱ ሳይለካ ጓርኒሲዮን ብቻ ቀይሮ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው። አንዴ በደንብ የጋለ የአሉሚኒየም ቴስታታ ሊጣመም ይችላል።

ፍሳሽ ለማቆም ራዲያተር ውስጥ ስለሚጨመሩት መድፈኛ ዱቄትና እንቁላል ብዙ አልልም። ከግቤ እስከ ጅማ ያደርሱ ይሆናል። በኋላ የማሞቂያውን ቀጫጭን ቱቦዎች ሲደፍኑ ግን ጥገናው እጥፍ ይሆናል።

ሲሞሉ

ጅማ ላይ ውሃ በረዶ ሆኖ አይረጋም ተብሎ ኩላንት የሚናቅ ከሆነ ስህተት ነው፤ እዚህ የምንፈልገው መፍላትን ለማዘግየትና ዝገትን ለመከላከል ነው። ያልተበረዘ ከሆነ እኩል ለእኩል በተጣራ ውሃ ይበርዙት። ለባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ይሆናል፤ ከአጠገቡ የተደረደረው የባትሪ አሲድ ግን አይሆንም፤ ጽሑፉን ያንብቡ። ተበርዞ የመጣውን ደግመው አይበርዙ። ዓይነቱን በቀለም አይለዩ፤ ቀለም እንደ ፋብሪካው ይለያያል፤ የመኪናው መመሪያ የሚለውን ይከተሉ።

አየር ከታመቀ ሞልቶም ይግላል። አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወዳለበት ጅሬን እንደሚወጣው ዓይነት ዳገት ላይ፣ ከመንገዱ ገለል ብለው አፍንጫውን ወደ ላይ አድርገው ያቁሙና የእጅ ፍሬኑን ይያዙ። ማሞቂያው ተከፍቶ፣ የራዲያተሩ ክዳን በቀዝቃዛው ተነስቶ ሞተሩ ይሥራ፤ የላይኛውን ጎማ በየጊዜው ጨመቅ ለቀቅ ያድርጉ፤ ሲጎድል ይጨምሩ። ቬንቲላተሩ ተነስቶ ሲቆም ይክደኑት። ከዚያ የመጠባበቂያውን ልክ በእስክሪብቶ አስምረው ለጥቂት ቀናት ጠዋት ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ ይመልከቱ።

የተደፋውን አሮጌ ኩላንት በመጠጥ ውሃ ፕላስቲክ አያስቀምጡ፣ ግቢም አይድፉ። ጣፋጭና መርዝ ነው፤ ልጅም ውሻም ይቀምሰዋል።