የራዲያተር ፋንን በእጅ ስዊች እንዴት እንገጥማለን? የሐረጎን ዳገት ለሚያውቅ ሾፌር

ከኮምቦልቻ ተነስቶ ደሴ ለሚወጣ መኪና የሐረጎን ያህል ሞተር የሚፈትን ዳገት የለም፣ ረጅም ነው፣ ጠመዝማዛ ነው፣ ከፊት ደግሞ የጫነ ተሳቢ ከገባ በቃ በሁለተኛ ማርሽ እየተጎተቱ መከተል ነው። መኪና ከ50 ወይ ከ60 ኪሎሜትር በላይ ሲሮጥ የሚገባው ነፋስ ራሱ ራዲያተሩን ስለሚያበርደው ፋን ብዙም አያስፈልግም፣ ጣጣው እንደዚህ ስንሳብ ነው፣ ሞተሩ ያለ የሌለ ጉልበቱን እያወጣ ነፋስ ግን የለም፣ ያኔ ፋኑ ቶሎ ካልተነሳ የሙቀት ጌጁ ሽቅብ መውጣት ይጀምራል። አውቶማቲኩ ሴንሰር ፋኑን የሚያስነሳው ውሃው ከጋለ በኋላ ነው፣ ያረጀ ሴንሰር ደግሞ ይዘገያል ወይ ጭራሽ ይተኛል። ሾፌሩ ግን ዳገቱ የት እንደሚጀምር ያውቃል፣ ስለዚህ ፋኑን ቀድሞ ማስነሳት ቢችል ትልቅ እረፍት ነው። የምገጥመው ስዊች አውቶማቲኩን የሚተካ ሳይሆን ጎን ለጎን የሚሰራ ነው፣ ይሄን ያዙልኝ፣ ምክንያቱም አውቶማቲኩን ቆርጦ ጥሎ በስዊች ብቻ የሚነዳ ሰው አንድ ቀን ማብራቱን ይረሳና የቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክዳን) ጓርኒሲዮን፣ ማለት ማሸጊያውን፣ ያቃጥላል።

ሽቦ ከመግዛታችሁ በፊት መኪናው ለምን እንደሚሞቅ እዩ። ውሃ ጎድሏል ወይ፣ ቴርሞስታቱ (ውሃው ሲግል ወደ ራዲያተሩ የሚከፍተው) ተጣብቋል ወይ፣ ራዲያተሩ በአፈርና በትንኝ ተደፍኗል ወይ? የራዲያተሩን ክዳን ደግሞ ማንም አያየውም እንጂ ዋና ነገር ነው። ደሴ ከባህር ወለል ወደ 2500 ሜትር ስለሆነች ክፍት ድስት ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ሞተር ውስጥ ያለው ውሃ ከዛ በላይ ግሎም የማይፈላው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝለት ነው። ላስቲኩ ያለቀ ክዳን ያለው መኪና ቆላ ባቲ ላይ ደህና ሆኖ ሐረጎ ላይ ሊፈላ ይችላል፣ ያን ደግሞ ምንም ስዊች አያድነውም። ክዳኑን ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ እንዳትከፍቱት አደራ፣ ፊት ያቃጥላል።

ቀጥሎ ፋኑን ራሱን ሞክሩት። ሶኬቱን ንቀሉና ከባትሪ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ በሁለት ሽቦ ቀጥታ ስጡት። በደንብ ከዞረ የፋኑ ሞተር ጤነኛ ነው፣ ካልዞረ ወይ እያቃሰተ ከዞረ መጀመሪያ እሱን ቀይሩ። ፋኑ ሁለት ሽቦ ብቻ ያለው መሆኑንም እዩ፣ አንዳንድ አዳዲስ መኪና ላይ ሶስት አራት ሽቦ ያለው ፍጥነቱን ኮምፒውተር የሚቆጣጠረው ፋን አለ፣ እሱን በዚህ መንገድ አትንኩት።

አሁን እቃ። ባለ 12 ቮልት ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዞ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ፣ 30 ወይ 40 አምፒር የሚችል) ከነሶኬቱ፣ የ30 አምፒር ፊውዝ ከነቤቱ፣ ሌላ የ5 አምፒር ፊውዝ፣ ትንሽ መብራት ያለው የዳሽቦርድ ስዊች፣ ለፋኑ መስመር 4 ካሬ (ውፍረቱ 4 ካሬ ሚሊሜትር) ሽቦ፣ ለስዊቹ 1 ካሬ ይበቃል፣ ካፖኮርዳ (ሽቦ ጫፍ ላይ የሚጨበጥ ብረት)፣ ናስትሮ (የኤሌክትሪክ ፕላስተር)፣ ፒንሳ፣ ቴስት ላምፕ (ኤሌክትሪክ መኖሩን የሚያሳይ መብራት)። ሽቦው ላይ አትቆጥቡ፣ የቀጠነ ሽቦ ይግልና ፕላስቲኩ ይቀልጣል።

ሪሌ ለምን አስፈለገ፣ ስዊቹን ቀጥታ መሃል ላይ ባስገባውስ የሚል ብዙ ሰው አለ። ፋን ሲሰራ ከ10 እስከ 20 አምፒር ሊስብ ይችላል፣ ሲነሳ ደግሞ ለቅጽበት ከዛም ይበልጣል፣ ያን ሁሉ ኤሌክትሪክ በጣት በምትነካት ትንሽ ስዊች አሳልፋችሁ ጋቢና ውስጥ ስታመጡት ስዊቹ ውስጡ ይቃጠላል፣ ሲብስም ዳሽቦርዱ ስር እሳት ነው። በሪሌ ሲሆን በስዊቹ የሚያልፈው ከግማሽ አምፒር በታች ነው፣ ከባዱን ስራ ሪሌው ኮፈን ስር ይሰራዋል። ይሄን አጣጥሎ "ችግር የለውም" ለሚል ሰው መኪናችሁን አትስጡ።

ስራ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ምርመራ አለ፣ ሁሉ ነገር በሱ ላይ ነው የሚቆመው። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ኤሲውን አጥፉ፣ ቁልፉን አዙሩ ግን አታስነሱ፣ ፋኑ ቆሟል። የቴስት ላምፑን ገመድ ኔጌቲቭ ላይ አስራችሁ የፋኑን ሶኬት ሳትነቅሉ ሁለቱንም ሽቦ ከኋላ በኩል ንኩ። ሁለቱም ላይ ካልበራ መኪናችሁ ፋኑን የሚያስነሳው ፖዘቲቩን በመስጠት ነው፣ ሁለቱም ላይ ከበራ ፖዘቲቩ ሁሌ አለ፣ የሚቆራረጠው ኔጌቲቩ ነው ማለት ነው። የትኛው እንደሆነ ጻፉትና የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ፣ ምክንያቱም ሞተሩ ትኩስ ከሆነ አንዳንድ መኪና ላይ ፋን ቁልፍ ወጥቶም በራሱ ይነሳል፣ ጣት ይቆርጣል።

ሪሌው እግሮቹ ላይ ቁጥር አለው፣ 30፣ 87፣ 85፣ 86። (አምስት እግር ካለው መሃል ላይ ያለችውን 87ኤ ባዶ ተዋት።) ፖዘቲቭ ለሚቆራረጥበት መኪና እንዲህ ነው፦ ከባትሪ ፖዘቲቭ 4 ካሬ ሽቦ አውጡ፣ ፊውዙን ከባትሪው በስንዝር ርቀት ውስጥ አስገቡ፣ ምክንያቱም ከፊውዙ በፊት ያለው ሽቦ ላሜራ ቢነካ የሚያቆመው ነገር የለም፣ ከዛ 30 ላይ አስገቡ። ከ87 የወጣውን 4 ካሬ የፋኑ ፖዘቲቭ ሽቦ ላይ ጨምሩ፣ ዋናውን ሽቦ ሳትቆርጡ። 85ን ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ የወጣ ቦታ ላይ በብሎን ከቦዲ ጋር እሰሩ። 86 ወደ ጋቢና ይሄዳል።

ኔጌቲቭ የሚቆራረጥበት ከሆነ ደግሞ 85ና 86 ያው ናቸው፣ 30ን ግን ከባትሪ ሳይሆን በ4 ካሬ ከቦዲ ጋር እሰሩት፣ 87ን የፋኑ ኔጌቲቭ ሽቦ ላይ። የባትሪ መስመርና የ30 አምፒር ፊውዝ እዚህ ጋ አያስፈልግም፣ የመኪናው የራሱ ፊውዝ አለ።

የጋቢናው ክፍል ቀላል ነው። ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ መስመር፣ ለምሳሌ ከሬዲዮው ወይ ከዝናብ መጥረጊያው፣ በ5 አምፒር ፊውዝ ወደ ስዊቹ አስገቡ፣ ከስዊቹ ወደ 86። ከባትሪ ቀጥታ ከወሰዳችሁት ማታ ረስታችሁት ስታድሩ ጠዋት በደሴ ብርድ መኪና መግፋት ነው። ሽቦው በሞተርና በጋቢና መሃል ያለውን ላሜራ ሲያልፍ ጎማ ባለው ቀዳዳ ይለፍ፣ ያለ ጎማ ከሆነ ንዝረቱ ቀስ በቀስ ይልጠዋል። ሪሌውን እግሩ ወደ ታች ሆኖ ከጭስ ማውጫው ራቅ አድርጋችሁ እሰሩት፣ እግሩ ወደ ላይ ከሆነ ክረምት ውሃ ይጠራቀምበታል። ሽቦ ስታገናኙ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል አይበቃም፣ ሙቀት ናስትሮውን ስለሚያላቅቀው በካፖኮርዳ ጨብጣችሁ ከዛ ጠቅልሉ።

ባትሪውን መልሱ፣ ቁልፍ አዙሩ፣ ስዊቹን ጫኑ። ሪሌው ቀጭ ይላል፣ ፋኑ ይነሳል። አሁን አንድ ወረቀት ከራዲያተሩ ፊት ጠጋ አድርጉ፣ ፋኑ ከራዲያተሩ ኋላ ከሆነ ወረቀቱን ስቦ መለጠፍ አለበት። ከገፋው ፋኑ በግልባጭ እየዞረ ነው፣ ፋኑን ለሙከራ ፈታችሁት ከነበረ ሽቦው ተገላብጦ ነው የገባው፣ አዙሩት፣ መዞሩን ብቻ አይቶ ደስ ብሎት የሚሄድ ሰው ዳገት መሃል ነው የሚያውቀው። ከዛ ስዊቹን አጥፍታችሁ ሞተሩን አስነሱና ጌጁ መሃል እስኪደርስ ቁሙ፣ አውቶማቲኩም በራሱ መነሳቱን አረጋግጡ። አስር ደቂቃ ከሰራ በኋላ ሽቦውንና ፊውዙን በእጅ ዳስሱ፣ ሞቅ ማለት ደህና ነው፣ እጅ የሚያስለቅቅ ከሆነ ሽቦው ቀጥኗል ወይ ማገናኛው ላልቷል።

ሽቦ መንካት የሚከብዳችሁ አብሽሩ፣ ይሄን ይዛችሁ አውቶ ኤሌክትሪሺያን ጋ ብትሄዱ ቀላል ስራ ነው፣ "በሪሌ፣ ፊውዝ ከባትሪው አጠገብ" ብላችሁ ብቻ እዘዙ።

አጠቃቀሙ ደግሞ፣ ከኮምቦልቻ ወጥታችሁ ዳገቱ ሳይጀምር አብሩት፣ ላይ ወጥታችሁ ደሴ ሜዳው ላይ ስትደርሱ አጥፉት፣ ሁሌ ማብራት የፋኑን ሞተር ብሩሾች ይጨርሳል። ከወልዲያ ወደ ድልብ ለሚወጣም ያው ነው። ፋኑ እየሰራ ጌጁ አሁንም ከወጣ ኤሲ አጥፉ፣ የጋቢናውን ማሞቂያ እስከ ጥግ ክፈቱት፣ ሙቀት ከሞተሩ ይወስዳል፣ ላብ ቢያጠምቃችሁም ታገሱ። አሁንም ካልወረደ ጥግ ይዛችሁ ቁሙ፣ እንፋሎት ከወጣ ወዲያው አጥፉት፣ ኮፈኑን ከፍታችሁ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፣ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አታፍሱ፣ ቴስታታው ይሰነጠቃል።