የቢላ ሰገባ በእጃችሁ ልትሰፉ ላሰባችሁ

ደብረ ብርሃን ላይ ሰገባ መስፋት ስጀምር መጀመሪያ የሳትኩት ቆዳው ላይ ነው። የመንዝ በግ ቆዳ ለደበሎ ነው እንጂ ለዚህ አይሆንም፤ ስስ ነው። 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚወፍር፣ በዛፍ ቅርፊት የለፋ የበሬ ቆዳ ፈልጉ።

ዋናው ዘዴ ግን ይሄ ነው። በስለቱ በኩል፣ በሁለቱ ቆዳዎች መሃል፣ ከጣት የቀጠነ የቆዳ ቁራጭ አስገቡና አብራችሁ ስፉት። አለዚያ ስለቱ ክሩን ይበላዋል። የእኔ በሳምንቱ ተተርትሮ ቢላው ቦርሳዬን ቀደደው (አዲስ ቦርሳ!)።

ቀዳዳውን አስቀድማችሁ በወስፌ ብሱ፤ ክሩን ሰም ቀቡት። ተሰፍቶ ሲያልቅ ለብ ባለ ውሃ ነከር አድርጉትና ቢላውን በፌስታል ጠቅልላችሁ ክተቱበት፤ ቅርፁን ይይዛል። ብርዱ ቢያስቸኩላችሁም ከሰል አጠገብ እንዳታደርቁት፤ ይኮማተራል።