የጦርነት ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድ ሽፋን፦ ችግሩና መፍትሄው

የሽፋን ችግር ሲነሳ ወቀሳው ዲዛይነሩ ላይ ይወርዳል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የደራሲው ትእዛዝ ነው፤ ታንኩም ይግባ፣ ሄሊኮፕተሩም ይግባ፣ ፍቅረኛዋም ካርታውም አይቅሩ ይላል። ከታች ያሉት ችግሮች ሁሉ ብር ከመከፈሉ በፊት፣ ረቂቁ ላይ ሊያዙ የሚችሉ ናቸው።

አንባቢው ልብ ወለዱን የጄኔራል ማስታወሻ ይመስለዋል

ይህ ከሁሉም ይከፋል፤ ሽፋኑ ቆንጆ ሆኖም ይደርሳልና። በአማርኛ መጻሕፍት ገበያ የቀድሞ መኮንኖች ትዝታና የጦርነት ታሪክ ሰፊ ቦታ ይዟል። መልኩም የታወቀ ነው፦ ማዕረግ ያደረገ ሰው ፊት፣ የድሮ ጥቁርና ነጭ ፎቶ፣ ከኋላ ታንክ ወይም ባንዲራ። ልብ ወለዱም ይህንኑ ከለበሰ ታሪክ ፈላጊው ገዝቶ ይበሳጫል፣ ልብ ወለድ ፈላጊው ደግሞ ሳያነሳው ያልፋል።

መፍትሄው ፊቱን መደበቅ ነው። ማስታወሻ የባለታሪኩን ፊት የሚያሳየው ምስክር ስለሆነ ነው፤ ልብ አንጠልጣይ ግን «ይሄ ሰው ማነው? ምን ሊገጥመው ነው?» ማስባል አለበት። ጀርባውን የሰጠን አንድ ሰው፣ ከፊቱ ደግሞ እሱን የሚያሳንስ ነገር ይቁም፦ ገደል፣ የፈረሰ ድልድይ፣ አቧራ የሸፈነው ሜዳ። እኔ የሰውየው ቁመት ከሽፋኑ አንድ አምስተኛ ባይበልጥ እመርጣለሁ። ሰው ጨርሶ ባይኖርም ይቻላል፤ ጥይት የበሳው ኮዳ ወይም የተቆረጠ የሬዲዮ ገመድ ብቻውን ሥራውን ይሠራል። ከርዕሱ ሥር ደግሞ «ልብ ወለድ» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። አንዳንድ ደራሲ እንደሚያፍርበት ሁሉ ውስጥ ገጽ ላይ ይደብቀዋል።

ወታደር የነበረ አንባቢ ሽፋኑን አይቶ ይስቃል

የዚህ ዓይነት መጽሐፍ ታማኝ ገዢ መሣሪያ ያውቃል። የክላሽ ማቀባበያና ቀለህ መውጫ በቀኝ በኩል ነው፤ ዲዛይነሩ ወታደሩ ወደ ርዕሱ እንዲያይ ብሎ ፎቶውን ሲገለብጠው ሁለቱም ወደ ግራ ይዞራሉ። በግራ ደረት የሚደረገው ኒሻንም ወደ ቀኝ ይሻገራል። ፎቶ ከመገልበጥ ርዕሱን ማዛወር ይሻላል።

ሁለተኛው መንስኤ ዘመን ማዛባት ነው። ታሪኩ በ1969 እና 1970 ዓ.ም. የኦጋዴን ጦርነት ላይ ከሆነ፣ የኢትዮጵያ አየር ኃይል የሶማሊያን ሚግ ጄቶች የገጠመው በአሜሪካ ሠራሾቹ ኤፍ-5 ጄቶች ነው። የሩሲያው ሱ-27 ተዋጊ ጄት የመጣው ከኤርትራ ጋር ጦርነት በተከፈተበት ወቅት ነውና፣ እሱን ሽፋኑ ላይ ማብረር ታሪኩን ሃያ ዓመት ወደፊት መውሰድ ነው። ባንዲራም እንዲሁ፤ ኮከቡ ያለበት ዓርማ የታወጀው በ1988 ዓ.ም. ስለሆነ የደርግ ወታደር ትከሻ ላይ ቦታ የለውም። ከኢንተርኔት የሚለቀመው የወታደር ፎቶ ደግሞ ብዙ ጊዜ የአሜሪካ ጦር ነው፤ የራስ ቁሩና የደንብ ልብሱ ወዲያው ያጋልጣሉ። ጥላ ብቻ ቢሆን እንኳ የጠመንጃ ቅርጽ ይለያል።

ስለዚህ ዲዛይነሩ ሥራ ሳይጀምር አንድ ገጽ ወረቀት ይሰጠው፦ ዓመቱ፣ ቦታው፣ የጦር ክፍሉ፣ መሣሪያው፣ የደንብ ልብሱ። ረቂቁ ሲያልቅ አንድ የቀድሞ ወታደር ይየው። አንድ ቡና መጋበዝ ነው ወጪው።

ርዕሱ አይነበብም

የተለመደው ጥፋት የካሞፍላጅ ጨርቅን መደብ አድርጎ ርዕሱን እላዩ ላይ መጻፍ ነው። ጨርቁ የተሠራው ለመደበቅ ነው፤ ርዕሱንም ይደብቀዋል። ሌላው ፊደሉ ነው። ኒያላ ፎንት ደማቅ ዝርያ ስለሌለው «ቦልድ» ሲባል ኮምፒውተሩ ራሱ ያወፍረዋል፤ የፊደሉ ቀዳዳ ይደፈናል። በ«ሰ» እና በ«ስ» መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው፤ የብረት መልክ፣ የእሳት ነበልባልና ጥላ ሲጨመርበት ጭራሹን ይጠፋል። እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ በራሱ ወፍራም ዝርያ ያለው ፎንት ይመረጥ፣ ከሥሩ ያለው ምስል ጸጥ ያለ ይሁን። ከዚያ ሽፋኑን 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት እስኪኖረው አሳንሶ በስልክ ማየት ነው፤ ስልክ ላይ ብዙ ጊዜ በትንሹ ይታያልና።

አከርካሪውም፣ ማለትም ገጾቹ የተጠረዙበት ጎን፣ አይዘንጋ። አዟሪ መጻሕፍቱን ክንዱ ላይ ደርድሮ ሲያልፍ ለመንገደኛው የሚታየው እሱ ነው። 80 ግራም ወረቀት አንዱ ቅጠል 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚወፍር 300 ገጽ መጽሐፍ 15 ሚሊ ሜትር ያህል አከርካሪ ይኖረዋል። ለኤ-5 መጽሐፍ ሙሉ ሽፋኑ (ፊቱ፣ ጀርባውና አከርካሪው)፣ በየጠርዙ ለቆረጣ የሚተው 3 ሚሊ ሜትር ተጨምሮ፣ 317 በ216 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ወረቀቱ ሳይወሰን አከርካሪው አይሠራ።

ስክሪን ላይ ያማረው የሌሊት ትዕይንት ሲታተም ጭቃ ሆነ

ስክሪን ብርሃን ይረጫል፣ ወረቀት ግን አይረጭም። ፋይሉ በአርጂቢ (በስክሪን የቀለም ሥርዓት) ተሠርቶ መጨረሻ ላይ ወደ ሲኤምዋይኬ (ወደ አራቱ የህትመት ቀለሞች) ሲቀየር ጥቁር ሰማያዊው ይሞታል፤ ማት ላሚኔሽን፣ ማለትም የማያብረቀርቀው የፕላስቲክ ልባጥ፣ ደግሞ ያደበዝዘዋል። ከመጀመሪያው በሲኤምዋይኬ ይሠራ፣ የጨለማው ክፍል ስክሪን ላይ ከሚበቃው በላይ ይፍካ፣ ማተሚያ ቤቱም በአንድ ቦታ ላይ የሚፈቅደው ከፍተኛ የአራቱ ቀለሞች ድምር ይጠየቅ። የናሙና ህትመት ሳያዩ አንድ ሺህ ኮፒ ማዘዝ ቁማር ነው።

ምስሉ ደብዝዞ፣ ፊደሉ ተበላሽቶ ወጣ

ፎቶው በቴሌግራም እንደ ፎቶ ከተላከ ረጅሙ ጎኑ ብዙ ጊዜ ወደ 1280 ፒክሰል ይወርዳል፤ 216 ሚሊ ሜትር ቁመት በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ግን ወደ 2550 ፒክሰል ይፈልጋል። «ፋይል» ተብሎ ይላክ። ፊደሉ የተበላሸው ማተሚያ ቤቱ ፎንቱ ስለሌለው ነው፤ ከመላኩ በፊት ጽሑፉን ከርቭ ማድረግ፣ ማለትም ፎንት ወደማይፈልግ ቅርጽ መቀየር፣ ማስተካከያ ቢያስፈልግ ደግሞ ያልተቀየረውን ፋይል ለብቻ ማስቀመጥ ነው።

ሽፋኑ ከወጣ በኋላ የፎቶው ባለቤት መጣ

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍንም ይጠብቃል። ዲዛይነሩ ምስሉን ከየት እንዳመጣው ሥራውን ሲያስረክብ በጽሑፍ ያሳውቅ፤ የተከፈለበት ከሆነ ደረሰኙን፣ ከሰው የተገኘ ከሆነ ፈቃዱን ደራሲው ራሱ ዘንድ ያስቀምጥ።