ሜሪላንድን ለእናቴ ያስጠናሁበት መንገድ

እናቴ ለዜግነት ፈተና ስታጠና "የስቴትሽ ዋና ከተማ ማን ነው?" ብዬ ጠየቅኳት። "ባልቲሞር" አለች፣ ምንም ሳትጠራጠር። ስልቨር ስፕሪንግ ከገባች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የሜሪላንድ ዋና ከተማ ግን አናፖሊስ ነው። በመኪና ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ትደርስበታለች፤ ግን ወስዶ ያሳያት ሰው የለም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ተነሳን። እናት ወይም አባት የምታስጠኑ ካላችሁ፣ እኔ ያደረግሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ዓመቱን ከምታውቀው ነገር ጋር አያያዝኩላት። (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው።) 1632 አፄ ሱስንዮስ ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል የለቀቁበት ዓመት ነው። በዚያው ዓመት የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ ይህን መሬት ለሴሲል ካልቨርት፣ ለሁለተኛው ሎርድ ባልቲሞር፣ በቻርተር ሰጠው። ሜሪላንድ የሚለውን ስሙንም በንግሥቲቱ በሄንሪየታ ማሪያ አስጠራው። "ቻርተር" የሚለው ቃል ለእናቴ ምንም አላላትም። "ጉልት ነው" ስላት ወዲያው ገባት። ሎርዱ ገዥ ይሾማል፣ ፍርድ ቤት ያቆማል፣ ከሰፋሪው የመሬት ግብር ይቀበላል። ለንጉሡ የሚገብረው ግን በየዓመቱ ሁለት የአገሬው ቀስቶች ብቻ ነው፤ ወርቅና ብር ከተገኘ ደግሞ አምስተኛውን እጅ። ሁለቱን ቀስቶች እስከ ዛሬ አልረሳቻቸውም።

ከዚያ ወደ ደቡብ፣ የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ወደ ቆረቆሯት ወደ ሴንት ሜሪስ ሲቲ ንዱ። ምሳ ቋጥራችሁ ሂዱ፣ መንገዱ ረዘም ይላል። "አርክ" እና "ደቭ" የተባሉት ሁለት መርከቦች ሰፋሪዎቹን ይዘው ከፖቶማክ ወንዝ ደሴት የደረሱት በማርች 25 ቀን 1634 ነበር። ያኔ እንግሊዝ የድሮውን አቆጣጠር ስለምትጠቀም ቀኑ የእኛ መጋቢት 29 ነው። "የጽንሰት ዕለት!" አለች እናቴ። እውነቷን ነው፣ አብሯቸው የመጣው ቄስ አንድሩ ኋይትም በዓሉን በዚያች ደሴት በቅዳሴ አክብሯል። እሱ ኢየሱሳዊ (ጀስዊት) የሚባለው የካቶሊክ ማኅበር አባል ነበር። የእሱ ማኅበር ሰዎች ከእኛ አገር በአፄ ፋሲል ሲባረሩ፣ እሱ እዚህ ወንዙን ሽቅብ ይወጣ ነበር። ይህን ስነግራት ቆማ ውሃውን ብዙ አየችው።

አስጠኚዎች ብዙ ጊዜ የ1649ን የሃይማኖት መቻቻል ሕግ አወድሰው ያልፋሉ። እናንተ ሙሉውን ንገሯቸው። ሕጉ ካቶሊኩንም ፕሮቴስታንቱንም ጠብቋል፤ ሥላሴን የካደ ግን በሞት ይቀጣ ነበር። ስለ ማትያስ ደ ሱሳም ንገሯቸው። የአፍሪካ ዘር ያለበት ሰው ነው፤ በ1634 አገልጋይ ሆኖ መጣ፣ ነፃ ወጣ፣ በ1642 በቅኝ ግዛቱ ጉባኤ ተቀመጠ። በ1664 ግን ጥቁሮችን ዕድሜ ልክ ባሪያ የሚያደርግ ሕግ ወጣ። ባርነትን ያስቀረው አዲስ ሕገ መንግሥት በሥራ ላይ የዋለው ኖቬምበር 1 ቀን 1864 ነው። ሁለት መቶ ዓመት! ይህን ሳይሰሙ አናፖሊስ የሚያዩት ባርነትን የታገሉት የሃሪየት ተብማንና የፍሬድሪክ ዳግላስ ሐውልት አይገባቸውም። ሁለቱም እዚሁ ሜሪላንድ በባርነት የተወለዱ ናቸው።

አናፖሊስ ስትሄዱ መታወቂያ ያዙ። የስቴት ሃውስ፣ ማለትም የስቴቱ ምክር ቤት ሕንፃ፣ መግቢያ በነፃ ነው። ያለማቋረጥ ሕግ ሲወጣባቸው ከኖሩት የአሜሪካ ስቴት ምክር ቤቶች ይህን የሚቀድም የለም። በ1783 ዲሴምበር 23 ጆርጅ ዋሽንግተን የጦር አዛዥነቱን ያስረከበው በአሮጌው የሴኔት አዳራሽ ነው። ንግግሩን ሲያነብ እጁ ይንቀጠቀጥ እንደነበር የዓይን ምስክር ጽፏል። የነሐስ ሐውልቱ እዚያው ቆሟል፣ በሰው ቁመት ልክ። እናቴ አጠገቡ ሄዳ ወረቀት የያዘውን እጁን አየች። "ጦር እያለው በፈቃዱ?" አለችኝ። "በፈቃዱ" አልኳት።

የዛሬውን መንግሥት በቁጥር አታስጀምሯቸው፤ በሰው ጀምሩ። ስቴቱ 47 የምርጫ ወረዳ አለው፣ እያንዳንዱም ወደ ስቴቱ ምክር ቤት አንድ ሴናተርና ሦስት ዴሌጌት (የታችኛው ምክር ቤት አባላት) ይልካል። አድራሻችሁን በምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ አስገቡ፣ የራሳችሁ ተወካዮች ይወጣሉ። እናቴ ስማቸውን ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችው። ስልቨር ስፕሪንግ ከንቲባ የለውም፤ በሕግ ከተማ ስላልሆነ የሚተዳደረው ሮክቪል ባለው የሞንትጎመሪ ካውንቲ መንግሥት ነው። ጎረቤታችን ታኮማ ፓርክ ግን ከንቲባ አለው፤ እዚያ የሚኖር ሰው ዜጋ ባይሆንም በከተማው ምርጫ ድምፅ መስጠት ይችላል። ዘመድ ካላችሁ ዛሬውኑ ደውላችሁ ንገሩት።

ምክር ቤቱ የሚሰበሰበው ከጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ጀምሮ ለ90 ቀን ነው። ስለ አንድ ረቂቅ ሕግ መናገር ከፈለጋችሁ ድረ ገጹ ላይ አካውንት ክፈቱ። የረቂቁን ቁጥርና ኮሚቴውን ፈልጉ፣ የምዝገባው ሰዓት ሳያልፍ ተመዝገቡ። የጽሑፍ ምስክርነትም ማስገባት ይቻላል። በቃል የሚሰጣችሁ ጊዜ ሁለት ሦስት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ዋናውን ነገር ከፊት አድርጉት። እናቴ አረጋውያንን ቤታቸው ሄዳ ትንከባከባለች። ስለ ተንከባካቢዎች ክፍያ ረቂቅ ከመጣ ብላ የምትለውን በአማርኛ ጽፋ ሰጥታኛለች፣ እየተረጎምኩላት ነው። "ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሰው የማገላብጥ ሴት ነኝ" ብላ ትጀምራለች።